የሰው ክር

እትዬ ከድጃን በቀበርን ቀን ከወሎ የመጣው ታላቅ ወንድሟ መቃብሩ ራስጌ ቆመና፣ "ጀመዓ፣ እህቴ የሰው ሐቅ ካለባት እኔ አለሁ፣ እኔን ጠይቁኝ። የሌላችሁ አውፍ በሏት" አለ። አውፍ በሏት ማለት ይቅር በሏት፣ ከእናንተ የያዘችው ነገር ካለ ልቀቁላት ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ "አውፍ ብለናል" አለ። እኛ ክርስቲያኖቹ የገበያ ሰዎችም ዳር ላይ እንደቆምን አብረን አልን። ዝም ያሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የሱቃችን ባለቤት ጋሼ ወልዴ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ስንመለስ መኪናቸው ድረስ ሸኘኋቸውና፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አላሉም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔ አስቀድሜ ብያታለሁ" አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ሲሏት አብሬ ነበርኩ። ለሌላ ሰው እንዲገባ ግን መጀመሪያ እትዬ ከድጃ ማን እንደነበረች መናገር አለብኝ። መናገር ከጀመርኩ ደግሞ እንደማለቅስ አውቀዋለሁ።

ሱቃችን መርካቶ ውስጥ ብትን ጨርቅ ከሚሸጥባቸው መደዳ ሱቆች አንዱ ነው። እኔ ሻጭ ነኝ፤ ጣቃ አወርዳለሁ፣ እዘረጋለሁ፣ በዋጋ እከራከራለሁ። ለክታ የምትቆርጠው እትዬ ከድጃ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ የማይለያት ሴት ነበረች። የመነጽሯ እጀታ ተሰብሮ በክር አስራዋለች። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ እላት ነበር። "ተው በአላህ፣ አንቱታ ወገቤን ያመኛል" ብላ ከለከለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንቺ እላታለሁ። ደንበኛ ዋጋ አስቀንሶ አስቀንሶ ሲሄድ ሁላችንም ስንናደድ እሷ ጣቃውን እየጠቀለለች፣ "አብሽሩ፣ ከፀሐይ ያረፈ ሰው ነው" ትል ነበር። አንዳንዱ እውነትም ተመልሶ ይመጣል። ያልተመለሰውን ደግሞ ረስታዋለች።

ሥራ ፍለጋ የመጣች ቀን እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። ጋሼ ወልዴ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ነበር።

"መልቀቂያ አለሽ?" አሏት።

"የለኝም።"

"የት ነበርሽ?"

"ስፌት ቤት። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት። የቁልፍ ቀዳዳ ላይ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን አልሰጡሽም?"

"አለቃዬ አልለቀቀኝማ።"

"ዋስ የሚሆንሽ ሰውስ?"

"ዘመዶቼ ያሉት ወሎ ነው። እዚህ ማንን ላምጣ?"

ጋሼ ወልዴ አገጫቸውን አሻሹ። እኛ ሰፈር መልቀቂያም ዋስም የሌለው ሰው ሲመጣ ማንም አፉን አውጥቶ አይናገርም እንጂ ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ምን ወስዳ ይሆን? እሷም ይህን ከፊታቸው ላይ አነበበችው መሰለኝ። ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አድርጋ ከፈተችና ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው። መሐረብ፣ መስበሃ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ፣ የራሷ መቀስ። ሻሿን አውልቃ አራገፈች። "ማታ ማታ ስወጣ እንዲህ ይፈትሹኝ። ዋሴ ይኼ ይሁን" አለች።

ጋሼ ወልዴ ያን ቀን እንዳፈሩ በሕይወታቸው ያፈሩ አይመስለኝም። "ኧረ ሰብስቢው ሴትዮ፣ ሰው ምን ይለናል። ነገ ነይ" አሏት። እንዲህ ሆና ተቀጠረች።

እኛ ነገሩ በዚያው ያበቃ መስሎን ነበር። በማግስቱ ሱቅ ሊዘጋ ሲል እትዬ ከድጃ ባንኮኒው ፊት ቆማ ቦርሳዋን ዘረገፈች። "ይፈትሹኝ" አለች። ጋሼ ወልዴ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩና፣ "ኧረ ሂጂ ሴትዮ፣ ይመሽብሻል" አሏት። ሰበሰበችና ሄደች። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። በዚያ ዓመትም፣ በሚቀጥለውም፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። እሷ ትዘረግፋለች፣ እሳቸው ወይ መንገዱን ወይ ጣሪያውን ያያሉ፣ "ሂጂ" ይሏታል። "ሂጂ" ሳትባል አትነቃነቅም። አንድ ቀን ጋሼ ወልዴ ከጅማ ደንበኛ ጋር ስልክ ላይ ሆነው ረሷት። መዝጊያው ግማሽ ድረስ ወርዷል፣ እኛ ጃኬት ለብሰናል፣ እሷ ዕቃዋን ዘርግፋ እንደ ሐውልት ቆማለች። ኩሊዎቹ ይህንን አይተው "ኬላ" የሚል ስም አወጡላት። "ኬላዋ ተከፈተች?" እያሉ ያልፋሉ። እሷም ትስቅ ነበር፣ እውነት ለመናገር ከእኛ በላይ ትስቅ ነበር።

ቦርሳዋን ከሰበሰበች በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ደጃፉ ላይ ትቆምና ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ክር አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ውስጥ፣ ጥራጊው ውስጥ ትጥላለች። ብትን ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው ልብሱ ላይ ክር አይጠፋም፤ እኔ የስንቱን ጨርቅ ክር ቤቴ ድረስ ወስጃለሁ።

"እትዬ ከድጃ፣ በክር ማን ተከሶ ያውቃል?" አልኳት አንዴ።

"የሰው ክር ይዤ አልወጣም።"

"ጥራጊ እኮ ነው።"

"አንተ ምን አለብህ፣ በሰላም ነው የምትገባ የምትወጣው። እኔ መግባቱን አውቄዋለሁ። አወጣጡ ነው ያቃተኝ" አለችኝና የመጨረሻውን ክር ጣለች።

ለዒድ ጋሼ ወልዴ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ሲሰጧት ሱቅ ውስጥ አልቀበልም አለች። "እደጅ ወጥተው ይስጡኝ፣ ጎረቤት እያየ" ብላ እግረኛ መንገዱ ላይ አስወጣቻቸው። እሳቸውም እየተሳደቡ ወጡ። ከፊት ለፊት ያሉት ባለሱቆች ሠርግ የሆነ መስሏቸው እልል አሉ።

ያላሳቀኝ ቀን አንድ ነው። አንድ ጣቃ ሱፍ ጠፋ። ማንም ማንንም አልጠረጠረም፤ ወይ ተሳስቶ ተጭኗል ወይ ከሥር ተቀብሯል ብለን እየፈለግን ነበር። እትዬ ከድጃ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ባንኮኒው ጋ መጣችና፣ "ጋሼ፣ ቤቴ ይታይ። ቁልፉ ይኼው" አለች። ጣቃ ሱፍ እኮ ለሁለት ሰው እንኳ ይከብዳል። እንዴት ሻሽ ሥር ይደበቃል? ጋሼ ወልዴ ተቆጥተው፣ "ቁልፍሽን አንሺ፣ ሁለተኛ እንዲህ እንዳትይኝ" አሏት። ከሰዓት በኋላ ጣቃው አብነት ሰፈር ያለ ደንበኛ ቤት በስህተት ሄዶ ተገኘ። እኛ ተሳሳቅን። እሷ ጓዳ ገብታ፣ ጣቃዎቹ መሃል ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ምን እንዳስለቀሳት የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ ገበያም አልነበረም።

ሰሚራ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ኩላሊቷን ታማ ሆስፒታል ገባች። እትዬ ከድጃ ስፌት ቤቱ ፈቃድ ጠየቀች። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ዩኒፎርሙ ለመስከረም መድረስ አለበት፣ አለቃው አቶ ግርማ "ከትምህርት መክፈቻ በኋላ" አሏት። ልጅ ከትምህርት መክፈቻ በኋላ አይታመምም። መርፌዋን ሰክታ ወጣች፣ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ሰሚራ መስከረምን አላየችም።

ሐዘን ተቀምጣ ስትመለስ ዘበኛው በር ላይ አቆማት። አቶ ግርማ እስከ በሩ መጡ። "መልቀቂያዬን ይስጡኝና ልሂድ" አለቻቸው። እሳቸውም፣ "እኔ መቼ ለቀቅሁሽ? ጥለሽ የጠፋሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልለቀቅሁሽም" አሏት።

ከዚያ በኋላ በየስፌት ቤቱ ዞረች። ሁሉም ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው መልቀቂያ ነው። "የለኝም" ስትል እስክሪብቶው ይቀመጣል። ይህ ሁሉንም ሥራ ፈላጊ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ሰው ይናደዳል፣ ያማርራል፣ ሌላ መላ ይፈልጋል። እሷ ላይ ግን ቃሉ ሌላ ቦታ ገባ። እሷ ባደገችበት አገር ሰው ከሰው ሲለያይ፣ መንገድ ሲሄድ፣ ሲታመም "አውፍ በለኝ" ይባባላል። አውፍ ያላለህ ሰው ይዞሃል። አቶ ግርማ "አልለቀቅሁሽም" ሲሏት ስለ ወረቀት ነበር የሚናገሩት። እሷ የሰማችው ግን ያን ነው።

"ሰሚራን ስቀብር አውፍ በሏት አልኩ፣ ሁሉም አላት። እኔን ግን አንድ ሰው ይዞኛል። በሰው እጅ እንዳለሁ ልሞት ነው" አለችኝ።

"ወረቀት እኮ ነው እትዬ ከድጃ" አልኳት።

"ለአንተ ወረቀት ነው" አለችኝ።

እንዲህ እያለን ሱቁ አደገ። ጋሼ ወልዴ ድርጅት አደረጉትና የሒሳብ ሠራተኛ ቀጠሩ። ልጁ ትሑት ነው፣ ክፉ ነገር የለበትም፤ ለጡረታው ምዝገባ የሁላችንም ማኅደር ይሟላ አለ። እትዬ ከድጃ ጋ ሲደርስ፣ "እናቴ፣ ከቀድሞ ቦታዎ መልቀቂያ ያስፈልጋል" አላት። ጋሼ ወልዴ ከባንኮኒው ኋላ "እሷን ተዋት፣ የእሷን እኔ አውቃለሁ" አሉ። እሷ ግን እንደ ጥሪ ቆጠረችው። "ልጁ ልክ ነው። ጊዜው ደርሷል፣ ሄጄ እጠይቃለሁ" አለች። አብሬያት እንድሄድ ጋሼ ወልዴ ፈቀዱልኝ።

ያን ጠዋት ለዒድ በተሰጣት ጨርቅ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ መጣች። መንገዱን ሁሉ አላወራችም። የስፌት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ለዘበኛው ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችው። ወጣት ነው፣ "ይግቡ እማማ፣ ድሮ ነው ፍተሻ" አላት። ቦርሳዋን እንደከፈተች ትንሽ ቆመች።

አቶ ግርማ አርጅተዋል። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል፣ ጠረጴዛቸው ላይ መድኃኒት ተደርድሯል። ተነስተው ነው የተቀበሉን።

"ማን ልበል?"

"ከድጃ ነኝ። ከድጃ ይማም። የቁልፍ ቀዳዳ ላይ የነበርኩት።"

አቶ ግርማ ግንባራቸውን አኮማተሩ። "የትኛዋ ከድጃ?"

"ልጄ ታማብኝ የሄድኩት። ነሐሴ ላይ። እዚያ በር ላይ አልለቀቅሁሽም ያሉኝ።"

"እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩሽ?"

"እርስዎ ነዎት።"

ጸሐፊዋን ጠሩ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አየች፣ ሌላ ክፍል ሄዳ ተመለሰች። የድሮው ሠራተኛ ፋይል ቢሮ ሲቀየር ውሃ ገብቶበት ተጥሏል፣ ከተረፈው ውስጥ ከድጃ ይማም የሚባል የለም አለች። አቶ ግርማ እጃቸውን ዘረጉ፤ እውነትም አዝነው ነበር።

"አይፍረዱብኝ። በዚህ ቤት ብዙ ሰው አልፏል። የማላውቀውን ሰው እንዴት አድርጌ ልልቀቅ?"

እትዬ ከድጃ የመነጽሯን ክር ነካ ነካ አደረገች። "እንግዲያው ወረቀቱ ይቅር። አውፍ ይበሉኝ" አለች።

"ምን ይበሉኝ?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ይቅር ይበሉኝ ነው የምትልዎት" አልኳቸው።

"ኧረ እኔን ምን አስቀይማኝ? ምንም ችግር የለም። ችግር የለም እናቴ" አሉና ትከሻዋን መታ መታ አድርገው እስከ በሩ ሸኙን።

ከዚያ እስከ መሳለሚያ በእግራችን መጣን። ታክሲ የሚያዝበት ጋ ስንደርስ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ረዳቶቹ ይጮሃሉ፣ ሰው ይጋፋል፣ እሷ ማንንም አታይም።

"ችግር የለም ማለት አውፍ አይደለም" አለች።

"ረስተውት ነው እኮ እትዬ ከድጃ። ከረሱት ደግሞ አልያዙሽም ማለት ነው፣ ደስ ሊልሽ ይገባል።"

"ደስ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር።" ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ያን ጊዜ ሲቆጣኝ ክፉ ነው ብዬ ነበር። ግን ጥላ ጠፋች ያለኝ ሰው አለመኖሬን አይቷል። ልጄን ይዤ እዚያ ስቀመጥ አንድ ሰው እዚያ አጣኋት ብሏል እያልኩ ነበር የምኖረው። ለካ ማንም አልያዘኝም። ለካ አልነበርኩም።"

እጇን ያዝኳት፣ ያን ያህል ሙቀት እያለ ይበርዳት ነበር።

"ጋሼ ወልዴ ደግ ሰው ናቸው፣ አላህ ያቆያቸው" አለች ቀጥላ። "ግን እሳቸውም አንድ ቀን አላዩኝም። ማታ ማታ ፊታቸውን ነው የሚያዞሩት። አክብረውኝ ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ቀን ግን አይተው፣ ከድጃ ንጹሕ ነሽ፣ ሂጂ ቢሉኝ ምን ነበረበት።"

ራሷን አሟት ነበርና ወደ ቤቷ የሚሄደው ታክሲ ላይ አሳፈርኳት። በመስኮቱ በኩል "አብሽር" ያለችኝን አስታውሳለሁ።

ሱቅ ተመልሼ ያለችውን ሁሉ ለጋሼ ወልዴ ነገርኳቸው። "እኔ እኮ እንዳላሳፍራት ብዬ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "እንዳላሳፍራት ብዬ ስንት ጊዜ ጣሪያ አየሁ።" በማግስቱ መነጽራቸውን ከቤት ይዘው መጡ። ወትሮ ያለ መነጽር ነው የሚውሉት። ማታ ሲሆን ጠርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። እትዬ ከድጃ ግን ቀኑን ሙሉ አልመጣችም ነበር፤ ራስ ምታቱ አልለቀቃት ብሎ ይሆናል፣ ትመጣለች ብለን ነበር። መዝጊያውን አውርደን ልንቆልፍ ስንል የእህቷ ልጅ ደወለች፤ ሌሊቱን ደም ግፊት መትቷት ሆስፒታል ገብታለች።

ነጋ ሲል ከጋሼ ወልዴ ጋር ሄድን። ዓይኗ ተከድኗል፣ ትተነፍሳለች እንጂ አትሰማም አሉን። መነጽሯ የለም፣ ሻሿ ግን አለ። ቦርሳዋ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ወልዴ ቆመው አዩት። ከዚያ ለእህቷ ልጅ፣ "ልጄ፣ ትፈቅጂልኛለሽ?" አሏት። ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ራሷን ነቀነቀች።

መነጽራቸውን አደረጉ። ቦርሳውን አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሯ ጋ አስቀምጠው ከፈቱ። ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጡ፣ እያዩ፣ እየጠሩ አስቀመጡ። "መሐረብ። መስበሃ። መቀስ፣ የራስሽ ነው። ዳቦ።" ድምፃቸው ሱቅ ውስጥ ጣቃ ሲያስቆጥሩ እንደሚሰማው ነበር፣ ጠንከር ያለ፣ የማይቸኩል። ቦርሳውን ገልብጠው ገበሩን አዩ። ገበሩ ስፌት ላይ አንዲት ሰማያዊ ክር ተይዛ ነበር። እሳቸውም አዩዋት፣ እኔም አየኋት። ከእኛ ጣቃ የወጣች ናት፣ ያን ሰሞን ስትቆርጠው የነበረው ሰማያዊ ነው።

ጋሼ ወልዴ ክሯን በጣታቸው ላይ ጠቅልለው አወጧት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት።

"አይቻለሁ ከድጃ" አሏት ጎንበስ ብለው። "ሁሉንም አይቻለሁ። ምንም የለም። ንጹሕ ነሽ።"

ዕቃውን መልሰው ቦርሳው ውስጥ አስገቡ፣ ዚፑን ዘጉ፣ ከጎኗ አስቀመጡት። እጃቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። ማታ ማታ የሚያዞሩትን ፊታቸውን አላዞሩም።

"ሂጂ" አሏት።